የአያቴ ማጭድ ብረት ከየት መጣ?

(ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ደሴ ከተማ ለተሰበሰቡ ተማሪዎች፣ ወላጆችና የአገር ሽማግሌዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። በቦታው ያልነበራችሁ ብዙዎች ስለጠየቃችሁኝ ከድምፅ ቅጂው ላይ ገልብጬዋለሁ። አነጋገሬን ብዙም አልነካካሁትም።)

ክቡራን አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ውድ ተማሪዎቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? አሰላሙ ዐለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሶ ብርዱ አጥንት በሚገባበት በዚህ ምሽት ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ፈጣሪ ያክብርልኝ። ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ ዶሮ መዝለያን ወጥታችሁ የመጣችሁም አላችሁ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በእጄ የያዝኩት ምንድን ነው? ከኋላ ያላችሁስ ይታያችኋል? አዎ፣ ማጭድ ነው። የሠራው አያቴ ነው። ከኮምቦልቻ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት መንደር ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነው። ዛሬ የማወራችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ ማጭድ ተነስቶ ወደዚሁ ማጭድ የሚመለስ ነው።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ይህ ብረት ከየት መጣ?

ከገበያ የምትሉ አላችሁ። ከፋብሪካ የምትሉም አላችሁ። ልክ ናችሁ። አያቴ ማጭዱን ያወጣው ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራው ከፋብሪካ ወጣ። ፋብሪካው ማዕድኑን ከመሬት አገኘ። መሬትስ? መሬትስ ከየት አመጣችው? አብዛኞቻችን እዚህ ላይ ስንደርስ እንቆማለን። «ድሮም ነበረ» ብለን እናልፈዋለን። ዛሬ ግን አንቆምም፤ ምክንያቱም ብረት ድሮም አልነበረም። ብረት የሚባል ነገር፣ አንዲት ቅንጣት እንኳን፣ በየትኛውም ቦታ ያልነበረበት ዘመን ነበረ።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው ይህ ጠረጴዛ ላይ ያለው ብርጭቆ ውሃ ነው። ሁለተኛው ማጭዱ ነው። ሦስተኛው በዚህ መሃረብ የቋጠርኩት የእናቴ የወርቅ ሎቲ ነው። የሦስቱንም የትውልድ ታሪክ እንጠይቃለን።

ከዚያ በፊት ግን ስለዚች ከተማ ስም አንድ ነገር ላንሳ። ደሴ ለምን ደሴ ተባለች? ከአባቶቻችን እንደሰማነው አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሠፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ በሰማይ አዩ። ደስ አላቸውና ቦታውን «ደሴ»፣ ደስታዬ እንደማለት፣ ብለው ሰየሙት ይባላል። ይህን ታሪክ ሁላችንም ሰምተነዋል። ስንቶቻችን ነን ግን ኮከቡን ራሱን የጠየቅነው? በ1875 ዓ.ም. መስከረም፣ በፈረንጆቹ 1882 መሆኑ ነው፣ በሰማይ ላይ የታየው ጅራታም ኮከብ በዓለም ዙሪያ ተመዝግቧል። እጅግ ከመድመቁ የተነሳ በጠራራ ቀን፣ ከፀሐይዋ አጠገብ፣ በባዶ ዓይን ይታይ ነበር። ሳይንቲስቶች ዛሬም ድረስ የመስከረሙ ታላቅ ጅራታም ኮከብ ይሉታል።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። በዚያው ወር ስኮትላንድ ውስጥ ኮፕላንድና ሎሴ የተባሉ ሁለት ሰዎች የዚያን ኮከብ ብርሃን በመሣሪያ ሰንጥቀው አዩት። ብርሃኑ ውስጥ ሁለት ነገር አነበቡ። አንዱ ጨው ውስጥ የሚገኘው ሶዲየም ነው። ሌላው ብረት ነው። ለከተማችን ስም ያወጣላት ኮከብ ብረት ተሸክሞ ነበር!

እንዴት አወቁ? ማን ሄዶ ነካው? ማንም አልነካውም። መልሱን ለማግኘት ጓዳ እንግባ፤ እናቶች ትመሰክሩልኛላችሁ። ሲሊንደር ላይ ሽሮ ጥዳችሁ ገንፍሎ ጨው ያለበት መረቅ እሳቱ ላይ ሲንጠባጠብ፣ ሰማያዊው ነበልባል ምን ይሆናል? ... አዎ፣ ቢጫ! ቦግ ብሎ ቢጫ ይሆናል። ያ ቢጫ የሶዲየም ፊርማ ነው። ጨዉ ከአፋር ይምጣ ከባሕር ማዶ፣ ፊርማው አይለወጥም። መዳብ ብታቃጥሉ አረንጓዴ ይሰጣችኋል። ቡንሰንና ኪርሾፍ የተባሉ ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1859 እና በ1860 ይህን በሥርዓት አጥንተው፣ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በብርሃን ላይ የየራሱ መስመሮች እንዳሉት አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ሰማይ የሚነበብ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1868 የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ማንም የማያውቀው መስመር ተገኘ፤ ከግሪኩ የፀሐይ ስም ወስደው ሂሊየም አሉት። ያው ሂሊየም መሬት ላይ የተገኘው በ1895 ነው። ፀሐይ ላይ ከታየ ከ27 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ተማሪዎቼ፣ ይህን አስቡት፦ እጃችን ላይ ያለውን ነገር ከማወቃችን በፊት ፀሐይ ላይ አወቅነው።

እሺ፣ አንደኛ ያልኩት ውሃው ነው።

ልጠጣና ልንገራችሁ። ... ውሃ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ነው፤ ከሦስቱ አቶሞች ሁለቱ ሃይድሮጅን ናቸው። ኦክስጅኑን ለጊዜው እንተወው፤ እሱ የማጭዱ ወገን ነው። ሃይድሮጅኑ ግን፣ እምብርቱ ላይ ያለችው ያቺ ፕሮቶን የምትባል ቅንጣት፣ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ሆኗታል። ቦርከና ከመፍሰሱ በፊት፣ ጦሳ ከመቆሙ በፊት፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ በየትኛውም ሰማይ አንድ ኮከብ ሳይበራ በፊት ነበረች። አሁን የዋጥኩት እሷን ነው። እናንተም ከቡና በፊት ቤታችሁ የጠጣችሁት እሷን ነው።

ይህን የነገረን ማን ነው? ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ቄስ ነው። ዦርዥ ለሜትር ይባላሉ፤ የቤልጂየም ሰው፣ የካቶሊክ ቄስ፣ የሂሳብና የፊዚክስ ሊቅ። እ.ኤ.አ. በ1927 ጽንፈ ዓለሙ እየሰፋ ነው ብለው ጻፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤድዊን ሃብል ካሊፎርኒያ ተራራ ላይ ባለው በዘመኑ ትልቁ ቴሌስኮፕ የለካውን አቀረበ፦ ጋላክሲዎች፣ ማለትም ግዙፍ የከዋክብት ስብስቦች፣ ከእኛ እየራቁ ነው፤ ይበልጥ የራቁት ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናሉ።

ድፎ ዳቦ የምትጋግሩ እናቶች፣ ጥቁር አዝሙድ ሊጡ ውስጥ ትጨምራላችሁ አይደል? ሊጡ ኩፍ ሲል አዝሙዶቹ ምን ይሆናሉ? ይራራቃሉ። ተራምደው ሳይሆን ሊጡ ይዟቸው ነው የሚሄደው። ከየትኛዋም አዝሙድ ላይ ቆማችሁ ብታዩ ሌሎቹ ሁሉ ከእናንተ እየሸሹ ይመስላችኋል። ጋላክሲዎቹም እንደዚያ ናቸው። እንግዲህ ሊጡ እየሰፋ ከመጣ፣ ወደ ኋላ ብንመልሰው ምን እናገኛለን? እጅግ የታመቀ፣ እጅግ የጋለ ነገር።

ይህን ታላቁ ፍንዳታ ይሉታል። ቃሉ ግን ያሳስታል፤ ቦምብ እንዳይመስላችሁ። ቦምብ አንድ ቦታ ይፈነዳና ወደ ባዶው ይበተናል። ይህ ግን የሆነው በሁሉም ቦታ ነው። የት ነበር ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እዚህ ነበር እላችኋለሁ። እዚህ አዳራሽ የቆመበትም ቦታ ነበር፤ አንድሮሜዳ ጋላክሲ ያለበትም ነበር። ያኔ ሁሉም አንድ ላይ ነበር።

ቁስ የሚባለው ነገር ከዚያ እሳት እንዴት ተረፈ? ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ። ኃይል ወደ ቁስ ሲለወጥ ብቻውን አይወለድም፤ መንታ ሆኖ ነው የሚወለደው፤ ቁስና ፀረ ቁስ። ሁለቱ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ፤ የሚቀረው ብርሃን ብቻ ነው። ዕዳና ገንዘብ በሉት። ሰኞ ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ አንድ ቢሊዮን ብር ዕዳ አለበት እንበል። በእጁ ያለው ደግሞ አንድ ቢሊዮን ከአንድ ብር ነው። ዕዳውን ሲከፍል ምን ይተርፈዋል? አንድ ብር። በመጀመሪያዋ ሰከንድ የሆነው ይህን ይመስላል። ቁሱ ከፀረ ቁሱ የበለጠው ከቢሊዮን በአንድ ያህል ነው። ቀሪው ሁሉ ተጠፋፍቶ ብርሃን ሆነ። የተረፈችው አንዷ ብር ፀሐይ ናት፣ መሬት ናት፣ ጦሳ ነው፣ ውሃው ነው፣ እናንተ ናችሁ። ያቺ ልዩነት ለምን ተገኘች? ይህን የፊዚክስ ሊቃውንት ዛሬም እየፈለጉት ነው። ከእናንተ መካከል አንዱ ወይም አንዷ ፈልጋ ብታገኘው፣ እኔም በሕይወት ቆይቼ ብሰማ፣ ምንኛ ደስ ባለኝ!

ከዚያ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የቁሱ ሩብ ያህል በክብደት ሂሊየም ሆነ። የቀረው ከሞላ ጎደል ሃይድሮጅን ነው፤ እፍኝ የማትሞላ ሊትየምም አለች። በቃ። ካርቦን የለም፣ ኦክስጅን የለም፣ ብረት የለም። ከዚያም 380,000 ዓመት ያህል አለፈ፤ እሳቱ በረድ ሲል አቶሞች ሙሉ ሆኑ፣ ብርሃንም መንገድ አገኘ። ያ ብርሃን አሁንም አለ።

አለ ስላችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። እኔ ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። ማታ እዚያ ተደርድረን እናያለን። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሰንደቅ ዓላማው ይውለበለባል፣ መዝሙሩ ይዘመራል፣ ከዚያ ሽሽሽሽ... ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ። እኛ «ዝናብ ጣለ» እንል ነበር። ሌሎቹ ልጆች ተነስተው ይሄዳሉ፤ እኔ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። የቤቱ እመቤት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ልጄ፣ አልቋል እኮ፣ ሂድ ተኛ» ይሉኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሳነብ ምን አገኘሁ? ከዚያ ዝናብ ውስጥ ከመቶ አንድ ያህሉ ያ የመጀመሪያው ብርሃን ነው። አላለቀም ነበር! የማየው ከ13 ቢሊዮን ዓመት በላይ የተጓዘ ብርሃን ነበር።

ያንን ብርሃን ያገኙት ሰዎች ፔንዚያስና ዊልሰን ይባላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ በትልቅ የሬዲዮ አንቴና። ሽሽታው አልጠፋ አላቸው። አንቴናውን ወደየትም ቢያዞሩት ያው ነው፤ ቀንም ሌሊትም ያው ነው። አንቴናው ውስጥ ርግቦች ጎጆ ሠርተው ነበርና ከኩሳቸው ይሆናል ብለው ጠረጉት። ሽሽታው ግን አልጠፋም። ሙቀቱ ከፍጹም ዜሮ፣ ከመጨረሻው የቅዝቃዜ ወለል፣ በላይ 3 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ እንደኛ አቆጣጠር ከዜሮ በታች 270 ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ለሜትርም እ.ኤ.አ. በ1966 ከማረፋቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ዜናው ደርሷቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ ላንሳ። ዛሬ ስገባ አንድ አባት በር ላይ እጄን ይዘው «ልጄ፣ ይህ ነገር ከፈጣሪ ጋር ያጣላናል ወይ?» አሉኝ። ጥያቄያቸውን አከብራለሁ። የወሎ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ሙስሊም፣ እናቴ ክርስቲያን። ረመዳንም ፋሲካም ያደግኩባቸው ናቸው። ለሜትር ቄስ እንደነበሩ ነግሬያችኋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1951 የሮማው ሊቀ ጳጳስ ይህን ሳይንስ ለፍጥረት ማረጋገጫ አድርገው ሲናገሩ፣ ቄሱ ለሜትር ራሳቸው አልወደዱትም። ሳይንሱ በራሱ መንገድ ይመርመር፣ እምነትም በራሱ ይቁም ነበር አቋማቸው። እኔም የዛሬውን ንግግሬን የማደርገው በዚሁ መንገድ ነው። ከመጀመሪያው ቅጽበት ወዲህ ምን ምን እንደሆነ ብርሃኑ ይነግረናል። እኔ የማነብላችሁ የተለካውን ነው።

ሁለተኛ። ማጭዱ።

በ2014 ዓ.ም. እኛ ሁላችንም የምናስታውሳቸው ሳምንታት ነበሩ። ስለ ሌላው አላወራም፤ ቁስሉ ገና ነው። አንዱን ሌሊት ብቻ ልንገራችሁ። ከተማው መብራት የለውም፤ ደሴም ኮምቦልቻም ጨለማ ነው። ግቢ ውስጥ ከጎረቤቶች ጋር ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ተቀምጠናል። የጎረቤቴ ልጅ፣ ያኔ 7 ዓመቷ ነው፣ ቀና ብላ አየችና «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ድሮም ነበረ?» አለችኝ። ፍኖተ ሐሊብ ከጦሳ ጫፍ እስከ ወዲያ ማዶ እንደ ወተት ፈሷል። ከተወለደች ጀምሮ የመንገድ መብራት ጋርዶባት አይታው አታውቅም። በዚያ ሌሊት ነው ይህን ንግግር አንድ ቀን አደርጋለሁ ብዬ ለራሴ የማልኩት።

ለእሷ የነገርኳትን ልንገራችሁ። ከዋክብት ምድጃዎች ናቸው አልኳት።

ምድጃ አውቃለሁ። አያቴ ጎን ተቀምጬ ወናፍ ስነፋ ነው ያደግኩት። አያቴ የሙቀት መለኪያ አልነበረውም፤ ዓይኑ ነበር መለኪያው። ብረቱ ፍም ውስጥ ገብቶ እንደ በርበሬ ሲቀላ «ገና ነው፣ ንፋ» ይለኛል። እንደ ብርቱካን ሲሆን በጉጠት አውጥቶ መስፍ ላይ ያስቀምጠውና በመዶሻ ይመታዋል። አንድ ቀን እኔ ወናፉን አበዛሁት፤ ብረቱ ነጭ ሆኖ ብልጭታ መርጨት ጀመረ። «ተቃጠለ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀለም ሙቀት መሆኑን አልረሳሁም። ዛሬ የከዋክብትን ሙቀት የምናውቀው በዚያው በአያቴ ዘዴ ነው። ቀይ ኮከብ 3,000 ዲግሪ ገደማ፣ የእኛ ፀሐይ ላይዋ 5,500፣ ሰማያዊዎቹ ከ10,000 በላይ። ከሰማያዊዎቹ አንዱ ሪጅል ይባላል። ዐረብኛ የተማራችሁ ልጆች ስሙን አወቃችሁት? እግር ማለት ነው፤ ኦሪዮን፣ አውሬ አዳኙ፣ የሚባለው የከዋክብት ስብስብ እግር።

ምድጃው የሚያነደው ምንድን ነው? እዚህ ላይ የአንዲት ሴት ታሪክ አለ፤ ሴት ተማሪዎቼ አደራ ስሙኝ። ሲሲሊያ ፔይን ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1925፣ በ25 ዓመቷ፣ በዶክትሬት ጽሑፏ ላይ ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ናቸው ብላ አስላች። ያኔ ሁሉም የሚያምነው ፀሐይ እንደ መሬት ከብረትና ከመሰል ነገሮች ተሠርታለች ብሎ ነው። የዘመኑ ታላቅ ሊቅ ሄንሪ ኖሪስ ራስል ይህ ሊሆን አይችልም አላት። እሷም ጽሑፏ ላይ ውጤቱ እውነት ላይሆን ይችላል ብላ እንድትጽፍ ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ ራስል በሌላ መንገድ ሄዶ እዚያው ደረሰ፤ እሷ ቀድማ እንዳገኘችውም ጻፈ። ቁጥሩ ትክክል ነበር። ልጆቼ፣ በትክክል ሠርታችሁ ያገኛችሁትን ቁጥር ትልቅ ሰው ስለተቆጣ ብቻ አትሰርዙት። ደጋግማችሁ ሥሩት፣ ፈትሹት፤ ግን አትሰርዙት።

እንግዲህ ፀሐይ በየሰከንዱ 600 ሚሊዮን ቶን ያህል ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም ትለውጣለች። በየሰከንዱ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስል 1.8 ቢሊዮን ቶን አለፈ። እንደ ከሰል መንደድ አይደለም። ውስጧ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ነው፤ የአቶሞቹ እምብርቶች ተገፍተው ይዋሃዳሉ። ሃይድሮጅኑ ሲያልቅ ሂሊየሙ ካርቦንና ኦክስጅን ይሆናል። የእኛ ፀሐይ እዚያ ላይ ታቆማለች፤ አቅሟ ያ ነው። ከእሷ ስምንት እጥፍ በላይ የሚከብዱት ግን ይቀጥላሉ። ካርቦኑ ወደ ኒዮን፣ ኦክስጅኑ ወደ ሲሊከን፣ ሲሊከኑ... ወደ ምን?

ወደ ብረት!

እያንዳንዱ ደረጃ ከፊተኛው ያጥራል። ሃይድሮጅኑ ሚሊዮኖች ዓመት ያነዳል፤ የመጨረሻው የሲሊከን ደረጃ በትልልቆቹ ከዋክብት አንድ ቀን ገደማ ብቻ ነው የሚቆየው። ብረት ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል? ብረትን ብታዋህዱት ኃይል አይሰጥም፤ ይልቁን ይወስዳል። ምድጃው ውስጥ ሙቀት የማይሰጥ ነገር ሞላ ማለት ነው። ኮከቡን ደግፎ የያዘው ኃይል ይሸነፋል፤ እምብርቱ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይደረመሳል። ውጪው ተመትቶ ይፈነዳል። ይህ ሱፐርኖቫ ነው።

ይህ ግምት ነው የሚል ካለ፣ በየካቲት 16 ቀን 1979 ዓ.ም. የሆነውን ልንገረው። ለእኛ ቅርብ በሆነች ትንሽ ጋላክሲ ውስጥ አንድ ኮከብ ሲፈነዳ ታየ። ቺሊ ተራራ ላይ ሌሊት ሲሠራ የነበረ ኢያን ሼልተን የተባለ ካናዳዊ ወጣት ፎቶውን ሲያጥብ ያልነበረ ኮከብ አየ፤ ወደ ደጅ ወጥቶ ቀና ቢል በባዶ ዓይኑ አገኘው። ብርሃኑ ከመድረሱ ሰዓታት ቀድሞ በጃፓን፣ በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት ከመሬት በታች የተቀበሩ መሣሪያዎች ከእምብርቱ የመጡ ሁለት ደርዘን ያህል ቅንጣቶች ይዘው ነበር። ብርሃኑ ከዚያ በኋላ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ሲደበዝዝ ለኩት። አደበዛዘዙ የአንድ ንጥረ ነገር ነበር፤ የኮባልት። በፍንዳታው የተሠራው ኒኬል በቀናት ውስጥ ኮባልት ይሆናል፣ ኮባልቱ ደግሞ በ77 ቀን ግማሹ ብረት ይሆናል። የሰው ልጅ ብረት ሲወለድ ቆሞ አየ ማለት ነው! ከዚያ ከአንዱ ፍንዳታ ብቻ ከ20,000 በላይ መሬቶችን የሚመዝን ብረት ወጣ። ሌላ ዓይነት ፍንዳታም አለ፤ ነጭ ድንክ የሚባሉ የሞቱ ከዋክብት ሲነዱ የሚሆን፤ ብዙ ብረት የሚገኘው ከእነሱም ነው።

የተበተነው ደመና ሆነ። ደመናው ተሰብስቦ የዛሬ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ፀሐያችንን ወለደ፤ በዙሪያዋም መሬትን። ከመሬት ክብደት ሲሦ ያህሉ ብረት ነው። ከትርፍራፊው ደግሞ ጅራታም ከዋክብት ሆኑ። ከእነሱ አንዱ በ1875 ዓ.ም. በዚች ተራራ ላይ አለፈ።

አሁን የሚያመኝን ልንገራችሁ። አያቴ ባለእጅ ነበር። መንደሩ ውስጥ ማረሻውን ያልሠራለት ገበሬ አልነበረም። ሲሰበርባቸው በሌሊት መጥተው ይቀሰቅሱታል። ቀን ግን ልጆቻቸው እኛን «የቡዳ ዘር» ይሉናል። ውሃ ስንቀዳ እንስራቸውን ከእኛ ያርቃሉ። አክስቴ ቤት የመጣ ሽማግሌ ዘራችንን ሲሰማ ተመልሶ ሄዷል። በልጅነቴ አንድ ቀን እያለቀስኩ መጥቼ «ለምን ሌላ ሥራ አትሠራም?» አልኩት። አያቴ አልተቆጣም። እጁን አሳየኝ። መዳፉ በቃጠሎ ጠባሳ የተሞላ ነበር። «አብሽር ልጄ፣ ይህ ብረት ባይኖር እነሱም አያርሱም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

አያቴ ያላወቀው፣ እኔም ያኔ ብነግረው የምወደው ነገር ነበረ። የሰደቡን ልጆች ደም የቀላው በብረት ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው ገላው ውስጥ 4 ግራም ያህል ብረት አለው፤ አንዲት ትንሽ ሚስማር የምታክል። አብዛኛው ደሙ ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን ይሸከማል። እናቴ ታናሽ እህቴን ስታረግዝ «ደም አንሶሻል» ተብላ የብረት ኪኒን ስትውጥ አስታውሳለሁ። ማረሻው፣ ኪኒኑ፣ ደሙ፣ ሁሉም ከአንድ ምድጃ የወጣ ነው። ንጹሕ ደምና ርኩስ ደም ብለን ስንለያይ የምንለየው ያንኑ ብረት ነው! ብረት የሚያነጥርን ሰው በብረቱ የሚንቅ ሰው የገዛ ደሙን ነው የናቀው። ይህን ቃል ስናገር ድምፄ ከፍ ካለ ይቅር በሉኝ፤ ለአያቴ ሳልነግረው ስላለፈ ነው።

ሦስተኛው ላይ አልቆይባችሁም፤ ሰዓቱም ሄዷል። ሎቲው።

ወርቅ ከብረት ይከብዳል፤ ስለዚህ ተራው ምድጃ አያወጣውም። ትልቅ ኮከብ ሲፈነዳ እምብርቱ ኒውትሮን ኮከብ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ክብደቱ ከፀሐይ ይበልጣል፤ ስፋቱ ግን ከደሴ ኮምቦልቻ ከሚያደርሰው መንገድ አይበልጥም። ፀሐይን አምቃችሁ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል እንደማስቀመጥ ነው። ሁለት እንደዚህ ያሉ ሲጋጩስ? ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. አሜሪካና ጣሊያን ያሉ መሣሪያዎች የዚያን ግጭት ንዝረት ሰሙ። ከ1.7 ሰከንድ በኋላ የጋማ ብርሃኑ ደረሰ። የሆነው 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆ ነው። ቴሌስኮፖች ሁሉ ወደዚያ ዞሩ፤ ከብረት የሚከብዱ ንጥረ ነገሮች በብዛት ሲሠሩ ተመለከቱ። የወርቅ አንዱ ትልቅ ምንጭ ይህ ነው። እናቴ ይህን ሎቲ ያገኘችው አባቴ ሲያገባት ነው። ከሁለት ወገን መጥተው የተገናኙ ናቸው፤ ሎቲውም እንደዚያው።

እንግዲህ ማጭዱን ከፊት ረድፍ አሳልፌ እሰጣችኋለሁ። እናቴ፣ እርስዎ ይጀምሩት። ስለቱን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ፣ በእጀታው ያዙት፤ ልጆች፣ ቀስ በሉ። አንገቱ ላይ ሦስት ጎድጓዳ ምት አለ፣ በአውራ ጣታችሁ ዳስሱት። የአያቴ መዶሻ ያረፈበት ነው። አሁን ቀዝቃዛ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ እንደ ብርቱካን የጋለው እኔ ወናፍ ስነፋ ነበር። ሁላችሁም ጋ ይድረስ፤ እስከ ኋላ ድረስ። እስኪዞር ድረስ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሱ።